“አይ ኖ አንደርስታንድ”፦ አልቤርቶ ለምን እዚያው ቀረ?

ቀን ቀን የሥዕል ፍሬም የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይውላል። ማታ ሌላ ሥራ አለው። ቴሌቪዥን የለውም፤ እንግሊዝኛው ስለማይገባው አያምረውም። ይልቅ ዳጎስ ያለ ገንዘብ አውጥቶ ስቴሪዮና ቴፕ ገዝቷል። የሚያጫውተውም ባብዛኛው የስፓኒሽ ሙዚቃ ነው። የሚኖረው ከአንድ የአገሩ ባልና ሚስት ጋር ነው። ሰፈሩ ፖርቱጋሎች የበዙበት ሰፈር ነው። ሰውየው የ33 ዓመት የኮስታሪካ ሰው ነው። ቦታው ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለችው የካምብሪጅ ከተማ፣ ዘመኑ ደግሞ 1973 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚለምድ በተጠናበት ጥናት ላይ የተሰጠው የሽፋን ስም አልቤርቶ ነው። ሰዎች ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለምዱ የሚያጠኑ ምሁራን አልቤርቶን እንደ ጎረቤታቸው ያውቁታል። ሲጨቃጨቁበት ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። አሥር ወር ሙሉ ሲያወራ ተቀዳ፤ አሥር ወር ሙሉ እንግሊዝኛው ፈቀቅ አላለም። ወይም አላለም ተብሎ ተጻፈ። ይህችን “ተብሎ ተጻፈ” ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጥናቱን የመራችው የሃርቫርዷ ኮርትኒ ካዝደን ነበረች። ሄርሊንዳ ካንሲኖ፣ ኤለን ሮዛንስኪና ጆን ሹማን አብረዋት ሠርተዋል። ስድስት ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ያዙ፦ ሁለት ሕፃናት፣ ሁለት ታዳጊዎች፣ ሁለት አዋቂዎች። አሜሪካ ከገቡ ገና ብዙ ያልቆዩ ናቸው። አጥኚዎቹ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየሄዱ ለአንድ ሰዓት ያህል ያወሯቸዋል። ወሬው ይቀዳል። አንዳንዴ ደግሞ አረፍተ ነገር ሰጥተው ያስደግሟቸዋል፣ ያስቀይሯቸዋል። ሙዚየም፣ ምግብ ቤትና ግብዣም ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ ሰው በሰው መሀል ሲሆን አፉ ይፈታልና።

ከስድስቱ አምስቱ ፍጥነታቸው ቢለያይም ወደፊት ሄዱ። አልቤርቶ ግን አልሄደም። በነገራችን ላይ ሌሎቹ በአብዛኛው የተሻለ ኑሮና ትምህርት ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። እሱ ግን ከሠራተኛው መደብ ነው።

መሰላሉ

“አልሠራም” ማለት ቀላል ይመስላል። እንግሊዝኛን በመስማት የሚለምድ ስፓኒሽ ተናጋሪ ግን እዚህች ቃል ላይ ለመድረስ መሰላል መውጣት አለበት። እነ ካንሲኖ ቴፑን እየገለበጡ ያገኙት ይህንን መሰላል ነው።

ታችኛው ደረጃ ላይ “ኖ” ከግሱ ፊት ይቆማል፤ “አይ ኖ ወርክ”። ምክንያቱን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። በስፓኒሽ “አልሠራም” ማለት “ኖ ትራባሆ”፣ “አልገባኝም” ማለት “ኖ ኤንቲየንዶ” ነው። ቃሉን ቀየረ እንጂ አቀማመጡን አልቀየረም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከዚያም ትንሽ ይጠልቃል። በቋንቋቸው አሉታው ከግሱ በኋላ የሚመጣ ሰዎች፣ ለምሳሌ ጀርመኖች፣ በዚሁ ደረጃ ሲያልፉ ታይተዋል። እንግሊዝኛን ከእናታቸው የሚሰሙ ሕፃናትም እንዲሁ። ስፓኒሽ ተናጋሪው የሚለየው ረዘም አድርጎ ስለሚቀመጥበት ነው። ቤቱን ይመስለዋላ!

ሁለተኛው ደረጃ “ዶንት” ነው። እዚህ ጋ አስተማሪ በቀላሉ ይታለላል። ተማሪው “አይ ዶንት ወርክ” ሲል ጎበዝ ተብሎ ራይት ይደረግለታል። ትንሽ ቆዩና “ሂ ዶንት ወርክ” ይላል። ቀጥሎ “የስተርደይ አይ ዶንት ወርክ”፣ ቀጥሎም “አይ ዶንት ካን ጎ” ይመጣል። ያኔ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ለሱ “ዶንት” የ“ዱ” እና የ“ኖት” ጥምር አይደለም። ሳይከፈት የተዋጠ እንክብል ነው። የ“ኖ”ን ወንበር ወሰደ እንጂ ሰዋስው አልገባም።

ሦስተኛው ላይ “ከንት” እና “ኢዝንት” ይመጣሉ። አራተኛው ላይ እንክብሉ ይከፈታል፤ “ዳዝንት” እና “ዲድንት” በየቦታቸው ይገባሉ።

አልቤርቶ ከታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች አልወጣም። “ኖ” ይበዛል፣ አልፎ አልፎ “ዶንት” ብቅ ይላል። ጥያቄ ሲጠይቅም ቃላቱን አያገላብጥም። “ዩ ወርክ ሂር?” ብሎ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። በዚህኛው ልንፈርድበት አንችልም። እኛም “እዚህ ትሠራለህ?” የምንለው ድምፅ ከፍ አድርገን እንጂ ቃል አገላብጠን አይደለም። ስፓኒሽም ይፈቅዳል።

ሁለቱ “ስ”ዎች

በጉዳዩ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል ይሄ ነው። ሰዋስው የት ያበቃል፣ አነጋገር የት ይጀምራል የሚለውን ጥያቄ እንደዚህ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ነገር እምብዛም አይገኝም።

ስፓኒሽ ቃል በተነባቢ ማብቃት አይወድም። የሚፈቅደው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ተነባቢ መጨረሻ ላይ ሲደረደርማ ጨርሶ አይሆንለትም። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰዋስውን የሚሸከመው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። “ወርክ” በኃላፊ ጊዜ “ወርክት” ይሆናል። “አስክ” “አስክት” ይሆናል፤ ሦስት ተነባቢ ባንድ ትንፋሽ። ስለዚህ ስፓኒሽ ተናጋሪው “የስተርደይ አይ ወርክ” ሲል ሁለት ጥርጣሬ ይኖራል። ኃላፊ ጊዜን አያውቅም? ወይስ ያውቃል፣ ምላሱ ግን “ት”ዋን በላት?

አሁን የአልቤርቶን ቁጥር እዩ። ብዙ ቁጥር የሚያሳየውን “ስ” (አንድ መጽሐፍ “ቡክ”፣ ሁለት ሲሆን “ቡክስ”) በሚያስፈልገው ቦታ ከመቶ 85 ገደማ ያስገባዋል። ጎበዝ ነው። የባለቤትነቷን “ስ” ግን፣ የወንድሜ መኪና ለማለት “ማይ ብራዘርስ ካር” ላይ የምትመጣውን፣ ከመቶ አሥር ጊዜ እንኳን አያስገባትም።

ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ቦታቸውም አንድ ነው፤ የቃል መጨረሻ። ምላሱ አልችልም ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በወደቁ ነበር። የሚለያያቸው ስፓኒሽ ነው። ስፓኒሽ ብዙ ቁጥርን በ“ስ” ነው የሚያደርገው፤ “ሊብሮ” ሲበዛ “ሊብሮስ”። ባለቤትነትን ግን በ“ደ” ነው የሚናገረው፣ ልክ እኛ በ“የ” እንደምናደርገው። ያንዱ “ስ” ቤት ተዘጋጅቶለት ጠበቀው፤ የሌላው የለም።

ስለዚህ ነገሩ ሰዋስው ነው ብለን እንዝጋው? ቆይ። የኃላፊ ጊዜውንም እዩ። በሕግ የሚረቡትን ግሶች፣ ማለትም “ት” ወይም “ድ” የሚጨመርባቸውን፣ በኃላፊ ቦታ ከመቶ አሥር ባነሰ ነው በትክክል ያላቸው። እንደ “ዌንት” ያሉትን ከሕግ ውጭ የሚለወጡትን ግን በጣም በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምባቸዋል። ስለ ኃላፊ ጊዜ ጨርሶ የማያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። “ዌንት” ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ ጮክ ብሎ ይሰማል። “ወርክት” ላይ ያለችው “ት” ግን በጆሮ ራሱ የለችም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት “ጎ፣ ዌንት፣ ጎን” እያልን በዜማ የሸመደድን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። ሽምደዳ የሚያግዘው ለየብቻ ቃል ለሆኑት ነው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህንን ነው። “ስ” ላይ ጥፋቱ የሰዋስው ነው፣ “ት” ላይ ግን ምላስና ጆሮም እጃቸው አለበት። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ልምምድ የሚሰጥ አስተማሪ ለራስ ምታትም ለእግር ቁስልም አንድ ክኒን ያዘዘ ነው።

ለምን?

ሹማን ሦስት ነገር ጠረጠረ። መጀመሪያ አእምሮውን ነው። ፈተና ሰጠው፤ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ነገር የለም። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። እሱም ብቻውን በቂ መልስ አልሆነለትም። ሦስተኛው ላይ ረጋ። “ርቀት” ብሎ ጠራው፤ የማኅበራዊ ኑሮና የስሜት ርቀት። ይህ ሰው እንግሊዝኛ ከሚናገረው ሕዝብ ጋር አይኖርም፣ አይበላም፣ አይጨፍርም። ቋንቋውን የሚፈልገው ለሥራና ለሱቅ ያህል ነው። ስለዚህ የሚናገረው ለዚያ የሚበቃውን ብቻ ነው፣ አለ ሹማን። እንዲህ ዓይነቱን ንግግርም ከፒጂን ጋር አመሳሰለው። ፒጂን የሚባለው ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ለንግድ ወይም ለሥራ ብለው የሚፈጥሩት የተቆራረጠ መግባቢያ ነው። እርባታ የለውም፤ አንዲት አሉታ ከግስ ፊት ይደቅንና ያልፋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። ሪያድ ወይም ኩዌት ሠርታ የተመለሰች እህት ያለችው ሰው “ማፊ”ን ያውቃታል። “አና ማፊ ማሉም”፤ አላውቅም። አረቡ ለአረብ ሲናገር እንዲህ አይልም፣ “ማ አሪፍ” ነው የሚለው። “ማፊ” በደንበኛው ትርጉሟ “የለም” ማለት ናት። በሠራተኞችና በአሠሪዎች መካከል በሚነገረው የባሕረ ሰላጤ ፒጂን ግን ሁሉንም አሉታ ትሸከማለች። አልሄድም፣ አልበላም፣ አላውቅም፤ ሁሉም ማፊ። የአልቤርቶ “ኖ” እና የእህቶቻችን “ማፊ” አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። “ማፊ”ን የፈጠረችው እሷ ብቻ ናት? እመቤቲቱም ስታዛት ቋንቋዋን ሰባብራ ነው የምታዛት። እሷም የምትሰማው የተሰበረውን ነው። በር ከውጭ ተቆልፎባት ከማን ጋር ደህናውን አረብኛ ትለማመድ? ይህንን ይዘን ወደ ካምብሪጅ እንመለስ።

ሹማን እንደጻፈው ከተማው ውስጥ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ነበሩ። አልቤርቶ ክፍል ከመግባት ይልቅ የማታ ሥራ መረጠ። “መረጠ” የሚለው ቃል እኔን ይኮሰኩሰኛል። ዋሽንግተን ዙሪያ ሁለት ሥራ የያዘ ሐበሻ ይህን ዓይነቱን ምርጫ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ክፍሉ ደግሞ ማታ ነው። እዚያው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የማታ እንግሊዝኛ ክፍል ስትገቡ ከጎናችሁ የኤል ሳልቫዶር ሰው ቁጭ ብሎ ማግኘት የተለመደ ነው። ክፍሉ እየገፋ ሲሄድ ወንበሮቹ ይሳሳሉ። የቀሩት ሁሉ ቋንቋውን ስለጠሉ ነው?

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ሹማን ስለ ፍላጎቱና ስለ ስሜቱ የሚጠይቅ መጠይቅ አስሞላው። መልሱ ያማረ ነው። አሜሪካኖችን ይወዳል፣ መማር ይፈልጋል። በመልሱ መሠረት የስሜት ርቀት የሚባል ነገር የለበትም። ሹማን ራሱ መልሱን ሙሉ በሙሉ አላመነውም፤ ሰውየው ክፉ ነገር መናገር አይወድም ብሎ ጠረጠረ። በኛ ቋንቋ ይሉኝታ ነው። ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚያወራውን፣ ምግብ ቤት የሚጋብዘውን ፈረንጅ “አገራችሁን አልወደድኩም” የሚል ማን ነው?

በኋላ የመጡ ሰዎች ሹማንን ከሁለት በኩል ያዙት። አንደኛዋ ካናዳ ውስጥ የምታስተምረው ቦኒ ኖርተን ነች። ርቀቱን የፈጠረው ማን እንደሆነ ለምን አልጠየቅህም ነው የክርክሯ ፍሬ። ስደተኛው ሊያወራ ቢፈልግም ቃል የሚያቀብለው ሰው ካጣ ልምምድ የለም። ማን ከማን ጋር ያወራል የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ባለ ሥልጣኑ እንጂ ስደተኛው አይደለም። ሪቻርድ ሽሚት ደግሞ ሆኖሉሉ ውስጥ የሚኖር አንድ ጃፓናዊ ሠዓሊ ይዞ መጣ። የሽፋን ስሙ ዌስ ነው። ዌስ የአልቤርቶ ተቃራኒ ነው። ጓደኞቹ አሜሪካኖች ናቸው፣ ኑሮው በእንግሊዝኛ ነው፣ ተግባቢና ጨዋታ አዋቂ ነው። ሽሚት ሦስት ዓመት ተከታተለው። ወግ መያዙ፣ ቀልዱ፣ ሰው ማግባባቱ ሁሉ ተሻሻለ። ሰዋስውው ግን እዚያው ነው። ርቀት ከሌለ ሰዋስው ይመጣል የሚለውን ተስፋ ዌስ አፈረሰው።

እኔ በግሌ ሁለቱም የያዙት እውነት ነው እላለሁ። የሚያናግረው ሰው ያጣ አይለምድም። የሚያናግረው ሰው ያገኘም፣ ሁሉም ሰው ከገባው፣ ለማስተካከል ምክንያት የለውም። “የስተርደይ አይ ወርክ” ብትሉ ማን አይገባውም? “የስተርደይ” ብላችኋላ።

ሰባት ወር ትምህርት

ይህኛው ክፍል ለአስተማሪዎች መራራ ነው። ሹማን አልቤርቶን በደንብ እናስተምረው ብሎ ተነሳ። ወደ ሰባት ወር ገደማ አሉታውን አሠለጠነው። አረፍተ ነገር ይሰጠዋል፣ አልቤርቶ ወደ አሉታ ይቀይራል። በዚህ ልምምድ ላይ ለውጡ ትልቅ ነበር። ከትምህርቱ በፊት ጥቂቷን ብቻ ያገኝ የነበረ ሰው ከግማሽ በላይ ማግኘት ጀመረ።

ከዚያ ልምምዱን ዘግተው ስለ ኑሮው አወሩት። “አይ ኖ”። በነጻ ንግግሩ ላይ በትክክል የሚመጣው አሉታ ከትምህርቱ በፊት ከነበረበት፣ ከመቶ 20 አካባቢ፣ አልተነቃነቀም።

የቆሎ ተማሪ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። በግዕዝ “ውሃ አቀብለኝ” በል ብትሉት ግን ሊጨነቅ ይችላል። ሽምደዳው ውሸት አይደለም፤ ያለበት መደርደሪያ ሌላ ነው። የአልቤርቶም “ዳዝንት” የተቀመጠው “መምህር ሲጠይቀኝ” በሚለው መደርደሪያ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እጁ ወደዚያ አይዘረጋም።

ሹማን ከዚህ የወሰደው ትምህርት ብቻውን አይፈይድም የሚል ነው። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ልምምዱ ምን ይመስል እንደነበር ልብ አድርጉ፤ ይህንን ወደዚያ ቀይር፣ ያንን ወደዚህ ቀይር። የተማረውን ነው የቻለው፤ መቀየርን። ስለ ራሱ ጉዳይ ለሰው መናገርን ግን ልምምዱ አልነካውም።

ተብሎ ተጻፈ

አሁን ያስያዝኳችሁን ልመልስ። በ1996 ሮበርት በርዳን የሚባል ምሁር እነዚያኑ ቅጂዎች ይዞ እንደገና ተቀመጠ። የአልቤርቶን “ኖ” እና “ዶንት” ባንድነት ደምሮ አማካይ ከማውጣት ይልቅ፣ እያንዳንዱን አነጋገር ከጊዜው ጋር አያይዞ በስታቲስቲክስ ሞዴል ፈተሸው። ንግግሩ ዘና ያለ ነበር ወይስ የተጠነቀቀ የሚለውንም ከግምት አስገባ።

አልቤርቶ እየሄደ ነበር። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ “ዶንት” እየጨመረ “ኖ” እየቀነሰ ነበር። የአሥር ወሩን ሁሉ አንድ ላይ ስታደርጉት መንገዱ አማካዩ ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ላይ ዛሬ ዘና ብሎ ነገ ተጠንቅቆ ስለሚናገር ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ የቆመ ይመስላል። “ቆሞ የቀረው ተማሪ” ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ የተጠቀሰው ሰው ጭራሽ አልቆመም ነበር።

ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ስንት ተማሪ ነው በሦስት ወር ኮርስ መጨረሻ “አልተሻሻለም” የተባለው? የሦስት ወር አማካይ ምን ሊያሳይ ኖሯል?

እኔ ብሆን

እንደ አልቤርቶ ያለ ተማሪ ዛሬ ማታ ከሥራ ወጥቶ ዐይኑ እየተከደነ ቢመጣ ከ“ዳዝንት” ሕግ አልጀምርም። መሰላል ከላይ አይወጣም። መጀመሪያ “ዶንት” የ“ኖ”ን ወንበር ሙሉ በሙሉ ይውሰድ። እንክብል ቢሆንም ይሁን። “አይ ዶንት ኖው”፣ “አይ ዶንት ሃቭ ኢት”። “ሂ ዶንት” ብሎ ቢሳሳት ለጊዜው ዝም እለዋለሁ። አንድ ደረጃ ወጥቷልና ስህተቱ የእድገት ስህተት ነው።

የቃል ጫፍ ላይ ላለችው “ት” ደግሞ የምወደው ዘዴ አለ። ብቻዋን “ወርክት” በል ብዬ አላስጨንቀውም። ቀጥሎ አናባቢ የሚመጣበት አረፍተ ነገር እሰጠዋለሁ። “ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሠራሁ” ሲባል “ወርክት ኦል ናይት” ነው። “ት”ዋን ከኋላ አንስቶ ወደፊት ይለጥፋታል፤ “ወርክ ቶል ናይት”። “አስተካከልኩት” ሲል “ፊክስ ቲት”። በስፓኒሽ “ቶ” እና “ቲ” ማለት ምንም አይከብድም። እንግሊዞቹ ራሳቸው በተፈጥሮ ንግግር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። “ት”ዋን በምላሱ ካገኛት በኋላ ነው ጆሮውም መስማት የሚጀምረው።

“ስኩል” ለማለት “ኤስኩል” ለሚለውም እንዲሁ ነው። ስፓኒሽ በ“ስ” እና በሌላ ተነባቢ የሚጀምር ቃል የለውም፤ ፊት ላይ “ኤ” ያስቀምጣል፤ “ኤስኩዌላ”፣ “ኤስታዲዮ”። እነሱ ላይ ለመሳቅ አፍ የለንም፤ እስክሪብቶ፣ እስፖንጅ፣ እስታዲየም የምንል ሰዎች ነን። የነሱ “ኤ”፣ የኛ “እ” ነው ልዩነቱ። መፍትሔው የቀደመውን ቃል መበደር ነው። “ማይ ስኩል” ሲል “ስ”ን “ማይ” ላይ ያጣብቃት፤ “ማይስ ኩል”። ያኔ ምላሱ “ኤ” አይጠይቅም። ከዚያ “ማይ”ን በሹክሹክታ፣ ከዚያ በሐሳብ ብቻ እያለ ይተዋታል።

አናባቢዎቹ ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ከአንዷ በቀር። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ነው ያለው። የእንግሊዝኛን ረጅሙንና አጭሩን “ኢ” አንድ ያደርጋቸዋል። “ሊቭ” በአጭሩ መኖር፣ በረጅሙ መሄድ ነው። የቤቱ አከራይ ፊት ቆሞ “እዚህ መኖር እፈልጋለሁ” ማለት ፈልጎ “ከዚህ መሄድ እፈልጋለሁ” ቢል፣ ለተከራይ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እሷን ብቻ አጠራለታለሁ።

የቀረው ሰው ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ከሚመጣ ተመራማሪ የተሻለ ሰው። ፋብሪካው ውስጥ፣ ፍሬሙ አልገጥም ሲል ቀና ብሎ “ኢት ዳዝንት ፊት” የሚለውና “የትኛው ጎን?” ብሎ የሚመልስለት አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢያገኝ፣ ያቺን አረፍተ ነገር በቀን አሥር ጊዜ ይላታል። ለአስተማሪ ብሎ አይደለም፤ ፍሬሙ ስላልገጠመ ነው።